ሐምሳ ሎሚና አንድ አሳብ

አባቶቻችን «ሐምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሐምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ መተባበርን አስተምረውናል። ምሳሌው እውነት ነው። በደቦ ያጨደ፣ በጅጌ ቤቱን ያቆመ፣ ሐዘኑን በዕድር የተካፈለ ሰው ሁሉ እውነተኛነቱን ያውቃል። ነገር ግን፣ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ምሳሌ ሁሉ የሚደርስበት ወሰን አለው። ሎሚ ከሎሚ ጋር አይነጋገርም፤ አንዱን የያዘ ሰው ሌላው ምን እንደ ያዘ መጠየቅ አያስፈልገውም። ሸክሙ ሎሚ መሆኑ ቀርቶ አሳብ የሆነ እንደ ሆነስ? አንድ አሳብ ለሐምሳ፣ ለመቶ፣ ለሺህ ሰው ቢከፋፈል ጌጥ ይሆናልን፣ ወይስ ሸክሙ ይብሱን ይከብዳል?

ይህን ጥያቄ በውድ ዋጋ የመለሰ አንድ የሥራ ታሪክ አለ። የተፈጸመውም በአሜሪካ አገር፣ አይ.ቢ.ኤም. በሚባለው ኩባንያ ነው። ሥራው ኦ.ኤስ. 360 የተባለ፣ ሜይንፍሬም ለሚባሉት ትላልቅ ኮምፒዩተሮች የተዘጋጀ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነበር። ታሪኩን የምጽፈው ስለ መሣሪያው ብቻ ብዬ አይደለም፤ ሥራውን የመራው ሰው በኋላ ያደረገው ነገር ለእናንተ ለወጣቶች ትምህርት ስለሚሆን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ምን እንደ ሆነ እንወቅ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኮምፒዩተር አንድ ሰፊ ክፍል የሚሞላና ዋጋው እጅግ የከበደ መሣሪያ ነበር። የሚያሠላው ነገር ያለው ሰው ተራውን ጠብቆ ይገባል፤ ፕሮግራሙ የተጻፈባቸውን የተበሱ ካርዶች ያስነብባል፤ የቴፑን ጥቅል ይሰቅላል፤ ሲጨርስም ዕቃውን ሰብስቦ ይወጣና ሌላው ይተካል። ሰዎቹ ይህን ሁሉ ሲያሰናዱ ያ ውድ መሣሪያ ሥራ ፈትቶ ይቆም ነበር። ይህ ብክነት ያንገበገባቸው የጄኔራል ሞተርስና የኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን ባለሙያዎች በ1956 ተባብረው አይ.ቢ.ኤም. 704 ለተባለው ኮምፒዩተር አንድ ተቈጣጣሪ ፕሮግራም ሠሩ። አንዱ ሥራ ሲያልቅ ፕሮግራሙ ራሱ ቀጣዩን እየጠራ ያስገባ ጀመር። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከሚባሉት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው።

በአገራችን በቀድሞው ግብር ቤት አጋፋሪ የሚባል ሹም ነበረ። እንግዳውን በተራ ያስገባል፤ እንደ ማዕረጉ ያስቀምጣል፤ ምግቡና መጠጡ በጊዜው እንዲደርስ ያዛል፤ አንዱ የሌላውን ድርሻ እንዳይነካ ይጠብቃል፤ የጠገበውን ያስወጣል። ኦፐሬቲንግ ሲስተምም የኮምፒዩተሩ አጋፋሪ ነው። እንግዶቹ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ማዕዱም የመሣሪያው የማስታወሻ ቦታ፣ የማስላት ኀይሉ፣ ዲስኩ፣ ቴፑና ማተሚያው ነው። አጋፋሪ የሌለው ግብር ግርግር ይሆናል፤ ምግቡ ሳያልቅም እንግዳው ተርቦ ይመለሳል።

በ1960 ገደማ አይ.ቢ.ኤም. ከኮምፒዩተር ሠሪዎች ሁሉ የሚልቅ ኩባንያ ነበር፤ ቤቱ ግን እንደ ባቢሎን ግንብ ሠራተኞች ቋንቋው የተደበላለቀ ነበር። ለንግድ ሒሳብ የሚያገለግለው 1401 እና ለሳይንስ የሚያገለግለው 7090 አይግባቡም፤ ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ አንድ ባንክ ሥራው ሰፍቶበት ኮምፒዩተሩን በትልቅ ሊለውጥ ሲነሣ፣ ለብዙ ዓመት ያስጻፋቸውን ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ እንደገና ማስጻፍ ግድ ይሆንበት ነበር። በ1961 መጨረሻ አንድ የኩባንያው ኮሚቴ ድፍረት ያለበት ምክር አቀረበ። ይኸውም የቀድሞዎቹን መሣሪያዎች ሁሉ ትቶ፣ ከትንሹ እስከ ትልቁ አንድ ቋንቋ የሚሰማ አንድ የኮምፒዩተር ቤተሰብ እንዲሠራ ነው። በጥሩ ሁኔታ የሚሸጠውን የራስን ዕቃ በራስ እጅ መሻር ለነጋዴ ቀላል ነገር አይደለም። ኩባንያው ግን ምክሩን ተቀበለ።

ኤፕሪል 7 ቀን 1964 የኩባንያው የበላይ ቶማስ ዋትሰን ልጅየው ሲስተም 360 የተባለውን አዲስ የኮምፒዩተር ቤተሰብ ለዓለም አስታወቀ። ቁጥሩ የተመረጠው ሙሉ ክብ 360 ዲግሪ ስለ ሆነ ነው፤ ለንግዱም ለሳይንሱም፣ በዙሪያው ላለ ሥራ ሁሉ ያገለግላል ለማለት ነው። የዕቅዱ ሁሉ ወጪ በጊዜው 5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተገምቷል። ሥራው በቦብ ኤቫንስ የበላይነት ሲካሄድ፣ ንድፉን ካወጡት ዋነኞቹ ጂን አምዳል፣ ጌሪት ብላውና ፍሬድሪክ ብሩክስ ነበሩ።

ብሩክስ በዚያ ንድፍ ካደረጋቸው ውሳኔዎች አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች አንዱን ፊደል የሚይዙት በ6 ቢት ነበር። ስድስት ቢት ከ64 ምልክት አያልፍም፤ ለእንግሊዝኛው ትልልቅ ፊደላት፣ ለቁጥሮችና ለጥቂት ነጥቦች ይበቃል፤ ለትንንሾቹ ፊደላት ግን ቦታ አይተርፈውም። ብሩክስ 8 ቢት እንዲሆን ወሰነ፤ 8 ቢትም 256 ምልክት ይይዛል። ዛሬ ባይት ሲባል 8 ቢት ማለት መሆኑ በሲስተም 360 የጸና ልማድ ነው። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ሲቈጠሩ 231 ናቸውና፣ የቀድሞው ልክ ለሰፊ ፊደል ምን ያህል ጠባብ እንደ ነበረ አንባቢው ከዚህ ይረዳል።

ፍሬድሪክ ብሩክስ በ1931 በኖርዝ ካሮላይና ግዛት ተወልዶ፣ በ1956 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ የተቀበለ ሰው ነው። በመሣሪያው ንድፍ ከተመሰገነ በኋላ፣ በ1964 ዕድሜው ገና 33 ዓመት ሳለ፣ የኦ.ኤስ. 360 ሥራ በእጁ ሆነ። ለደንበኞች የተሰጠው ተስፋ ታላቅ ነበር። አንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ልዩ ልዩ መጠን ባላቸው መሣሪያዎች ላይ እንዲሠራ፣ ብዙ ፕሮግራሞችንም በአንድ ጊዜ እንዲያስተናግድ ነው። በዚህ ስፋት የተሞከረ የፕሮግራም ሥራ ከዚያ በፊት እምብዛም አልነበረም። ግብሩ ተጥሎ፣ እንግዶቹ በር ላይ ቆመው ሳለ አጋፋሪው አልደረሰም እንደሚባለው፣ ኮምፒዩተሮቹ ከፋብሪካ ሊወጡ ቀናቸው ሲቀርብ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ወደ ኋላ ቀረ።

የችግሩ ሥር ከመጀመሪያ የተደረገ አንድ ውሳኔ ነበር። የንድፍ ክፍሉ አለቃ ዐሥር ጎበዝ ሰዎች ነበሩት። እነዚህ ዐሥሩ የሥራውን ዝርዝር ንድፍ በዐሥር ወር ጽፈው እንደሚጨርሱ ተናገረ፤ ይህም ከተቈረጠው ቀን ሦስት ወር ያልፋል። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ክፍል አለቃ ደግሞ 150 ሰዎች ነበሩት። እርሱም ንድፉ ለእርሱ ሰዎች ቢሰጥ፣ የንድፍ ሰዎቹ እያስተባበሩ በቀጠሮው እንደሚደርስ፣ ያለዚያ ግን 150 ሰው ዐሥር ወር እጁን አጣጥፎ እንደሚቀመጥ ተከራከረ። የንድፉ አለቃ ለዚህ ሲመልስ፣ ለ150ው ቢሰጥም በቀጠሮው እንደማይደርስ፣ ያው ሦስት ወር እንደሚዘገይ፣ ጥራቱም እጅግ እንደሚያንስ አስጠነቀቀ።

አንባቢዬ ሆይ፣ አንተ በብሩክስ ስፍራ ብትሆን ምን ትወስን ነበር? 150 ደመወዝተኛ ያለ ሥራ ተቀምጦ ማየት ለማንም አለቃ ከባድ ነገር ነው። ብሩክስም ሥራውን ለ150ው ሰጠ። የሆነውም ልክ የተነገረው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ዘገየ፣ ጥራቱም አነሰ። ንድፉ አንድነት በማጣቱ ምክንያት ስሕተቱን ፈልጎ ለማረም አንድ ዓመት ያህል እንደ ተጨመረ ብሩክስ ራሱ ገምቷል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለት ይህ ነው።

ሥራው በዘገየ ቊጥር ሰው ተጨመረ። ሥራው በጋለበት ጊዜ ከ1000 የሚበልጡ ሰዎች ተሰልፈውበት ነበር። ከ1963 እስከ 1966 ባለው ጊዜ የፈጀው ድካም ሲደመር፣ ብሩክስ እንደ ገመተው፣ አንድ ሰው ብቻውን 5000 ዓመት ቢሠራ የሚፈጅበትን ያህል ነው። ሎሚው ለሐምሳ ሰው ብቻ ሳይሆን ለሺህ ተከፋፈለ፤ ጌጥ ግን አልሆነም።

ስለ ምን? ነገሩ በሒሳብ ይገለጣል። አራት ሰዎች በአንድ አሳብ ላይ ሲሠሩ፣ እርስ በርሳቸው ለመግባባት ስድስት የመነጋገሪያ መንገድ ያስፈልጋቸዋል። ዐሥር ሲሆኑ መንገዱ 45 ይሆናል፤ መቶ ሲሆኑ 4950 ይደርሳል። ሰው ዐሥር እጥፍ ሲጨምር መነጋገሪያው መቶ እጥፍ ያህል ይበዛል ማለት ነው። በዚህም ላይ አዲስ የገባው ሰው ሥራውን እስኪለምድ የሚያስተምረው ያስፈልገዋል፤ የሚያስተምረውም ሥራውን ሊጨርስ የሚችለው ያው ነባሩ ሠራተኛ ነው።

አንድ ቁም ጸሐፊ በብራና ላይ ዳዊት ሲጽፍ አስቡ። ዘገየ ተብሎ ሥራው እኩሌታ ላይ ሳለ ዐሥር ጸሐፊዎች ቢጨመሩለት፣ እርሱ ብዕሩን አስቀምጦ ብራናውን ያካፍላል፤ የመስመሩን ስፋት፣ የፊደሉን መጠን፣ የቀለሙን አገባብ ያስረዳል፤ በኋላም የዐሥሩ እጅ ጽሕፈት አንድ መጽሐፍ እንዲመስል ሲያስተካክል ይውላል። ጽሑፉ ተቀድቶ የሚያልቅ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ካስቸገረ፣ ገና በማንም ልብ ውስጥ ያልተፈጸመ ድርሰት ቢሆንማ ምን ያህል ይከፋ!

እኔም ይህን በትንሹ ቀምሼዋለሁ። በመምህርነት ዘመኔ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን የውጤት መዝገብ እንዳዘጋጅ ታዝዤ ነበር። በስንፍናዬ ዘገየሁ። የትምህርት መዝጊያው በዓል አምስት ቀን ሲቀረው ስድስት ባልደረቦቼ እንዲያግዙኝ ለመንኋቸው። ሁለቱ ቀን አሠራሬን ሳስረዳ አለቀ፤ የቀረውም ጊዜ አንዱ ከመቶ፣ ሌላው ከሐምሳ ያሰበውን ሳስማማ አለፈ። በበዓሉ ቀን ወላጆች የልጆቻቸውን ካርድ ሳይቀበሉ ተመለሱ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ግን መዘግየቱ አይደለም። ርእሰ መምህሩ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «ረዳቶቼ አበላሹብኝ» ብዬ መመለሴ ነው። ከረዳቶቼ አንዱ፣ ከሁላችን ታናሽ የነበረው፣ ዐይን ዐይኔን አይቶ ዝም አለ። ቃሌን ላቀና ስነሣና ስተው ዓመታት አለፉ፤ እርሱም ወደ ሌላ ክፍለ አገር ተዛወረ። ይቅርታ ለመጠየቅ ጊዜ ሲጠፋ እንደዚህ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። የኦ.ኤስ. 360 የመጀመሪያው እትም በ1966 ወጣ፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ሥራ ብቻ ነበር። ብዙ ሥራዎችን አብረው የሚያስተናግዱት እትሞች ከዚያ በኋላ ተከታትለው መጡ። የማስታወሻ ቦታቸው ጠባብ የሆነ ትንንሽ መሣሪያዎች ትልቁን ሲስተም መሸከም ስላልቻሉ፣ ለጊዜው ተብሎ ዶስ 360 የተባለ ሌላ አነስተኛ ሲስተም በዚያው ዓመት ተዘጋጀላቸው። ያ ለጊዜው የተባለው ሲስተም ዘሩ እስከ 21ኛው ክፍለ ዘመን ደርሷል። ስለዚህ፣ ወጣቶች ሆይ፣ ለጊዜው ነው ብላችሁ የምትሠሩትን ነገር አደራ አታቃልሉት፤ ከእናንተ በኋላ የሚኖረው እርሱ ሊሆን ይችላልና።

በሌሎችም ዘንድ ትላልቅ ፕሮግራሞች በቀጠሯቸው አይደርሱም፣ ከወጪያቸውም ያልፉ ነበር። በ1968 በጀርመን አገር በጋርሚሽ ከተማ ባለሙያዎች ተሰብስበው ስለዚሁ መከሩ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራም መጻፍ እንደ ድልድይና እንደ ሕንፃ ሥራ በሥርዓት ሊጠና የሚገባው የምሕንድስና ሙያ ነው የሚለው አሳብ እየጸና ሄደ።

ብሩክስ ግን ከኩባንያው ወጥቶ በትውልድ ግዛቱ፣ በቻፕል ሂል በሚገኘው የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ክፍልን መሠረተ። ሲሰናበት ዋትሰን አንድ ጥያቄ ጠይቆት ነበር፤ ይኸውም የፕሮግራምን ሥራ መምራት የመሣሪያን ሥራ ከመምራት ይልቅ ስለ ምን እንደሚከብድ ነው። ብሩክስ ወዲያው አልመለሰም። ዐሥር ዓመት ያህል አስቦ፣ በ1975 «ዘ ሚቲካል ማን መንዝ» በተባለ መጽሐፍ መለሰ።

የመጽሐፉን ነገር ልብ በሉ። ብሩክስ ሊኰራበት የሚችለው ሥራ ነበረው፤ ሲስተም 360 በዓለም ላይ ተሰራጭቶ ነበርና። በ1969 ሰዎች በጨረቃ ላይ ሲወርዱ፣ በሂውስተን ሆነው በረራውን ይከታተሉ የነበሩት ኮምፒዩተሮች ሲስተም 360 ሞዴል 75 ነበሩ፤ የሚመራቸውም ሲስተም ከኦ.ኤስ. 360 ተለውጦ ለዚያ ሥራ የተሰናዳ ነበር። ይህን ሁሉ ዘርዝሮ ራሱን ማመስገን በቻለ። እርሱ ግን የዐሥሩንና የ150ውን ሰዎች ታሪክ በግልጥ ጽፎ፣ ውሳኔው የእርሱ እንደ ነበረ፣ ስሕተቱም በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚገመት እንደ ነበረ አመነ። በአለቆቹ አላሳበበም፤ በ150ው አላሳበበም። የዘገየ የፕሮግራም ሥራ ሰው ሲጨመርበት የባሰ እንደሚዘገይ ያስተማረውም በዚሁ መጽሐፍ ነው፤ ትምህርቱ እስከ ዛሬ በስሙ የብሩክስ ሕግ ይባላል።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አደረገ። በኦ.ኤስ. 360 ሥራ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ጸሐፊ የሌላውን ሥራ ዝርዝር ሁሉ ቢያይ ይጠቅማል ብሎ ያምን ነበር። ዴቪድ ፓርናስ የተባለ ሊቅ ደግሞ የእያንዳንዱ ክፍል ውስጣዊ አሠራር ለሌላው የተሸሸገ፣ መገናኛው ብቻ የታወቀ ቢሆን ይሻላል ብሎ አስተማረ። ብሩክስ በ1975 ይህን አልተቀበለም። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1995 መጽሐፉ እንደገና ሲታተም ግን፣ እውነቱ ከፓርናስ ጋር እንደ ነበረና እርሱ እንደ ተሳሳተ በግልጥ ጻፈ። በዚያ ጊዜ ዕድሜው 64 ዓመት፣ ስሙም በሙያው ሁሉ የተከበረ ነበር። ያን ቃል ባይጽፍ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። ማመኑም ክብሩን አልቀነሰበትም፤ በ1999 በኮምፒዩተር ሙያ ከሁሉ የሚበልጠውን የቱሪንግን ሽልማት ተቀበለ። በ2022 በ91 ዓመቱ ዐረፈ።

ኦ.ኤስ. 360ም አልጠፋም፤ እየታደሰ ኖረ። በመጀመሪያ የነበረው የአድራሻ ልክ 24 ቢት ስለ ነበረ ከ16 ሚሊዮን ባይት ያህል አያልፍም ነበር። በ1974 ኤም.ቪ.ኤስ. የተባለው ወራሹ መጣ፤ በ1980ዎቹ ልኩ ወደ 31 ቢት፣ ከ2000 ወዲህም ዜድ ኦ.ኤስ. በተባለው ወራሹ ወደ 64 ቢት ሰፋ። ቤቱ እንዲህ ሲሰፋ የቀድሞ ነዋሪዎቹ አልተባረሩም፤ በ1960ዎቹ ለሲስተም 360 የተጻፉ ብዙ ፕሮግራሞች በአዲሶቹም መሣሪያዎች ላይ እንዲሠሩ ተጠብቆላቸዋል። በ1964 ለደንበኞች የተገባው ቃል፣ መሣሪያችሁን ስትለውጡ ሥራችሁ አይጠፋም የሚለው፣ ዘግይቶም ቢሆን ከስድሳ ዓመት በላይ ጸንቷል። ዛሬም በትላልቅ ባንኮች የሰው ገንዘብ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ሲተላለፍ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስተናግደው የዚያ የዘገየው አጋፋሪ የልጅ ልጅ ነው።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ምን እንያዝ? መተባበር ከንቱ ነው አልልም፤ የአባቶቻችን ምሳሌ በስፍራው የታመነ ነው። ሥራህን ለማከፋፈል ስትነሣ ግን አስቀድመህ ሎሚ መሆኑን ወይም አሳብ መሆኑን መርምር። ሎሚ እንደ ሆነ ለብዙ ሰው አድል። አሳብ እንደ ሆነ ጥቂቶች አስበው እስኪጨርሱ ታገሥ፤ የቀሩት ተቀምጠው ሲጠብቁ ብታይም አትደንግጥ። ቀኑ ሲያልፍብህም የሰው ብዛት ያድነኛል አትበል፤ ቀጠሮውን ያለፍህ መሆንህን ለባለጉዳዩ በጊዜው ንገረው።

ስሕተትህንም እንደ እኔ በሌላው ትከሻ ላይ አትጫን፤ ጥፋት ለሐምሳ ሰው ቢከፋፈል ለማንም ጌጥ አይሆንምና። ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ያ ታናሽ ባልደረባዬ በሕይወት ካለ ያነበው ይሆን እያልሁ ነው። ካነበበውም በዚያ ዓመት መዝገቡን ያዘገየሁትና ያበላሸሁት እኔ እንጂ እርሱ እንዳልነበረ በዚህ ይወቅልኝ።